የማዶው ጉበት

ጀጎል ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዛ የምትሄድ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። ሌላ የለችም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ዘንጉን ይዤ በፈላና በር በወጣሁ ቁጥር መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የምራመደው። እኛ ሐረር ውስጥ ውሃ በጀሪካን የሚመጣ ነገር እንጂ ዳሩ ላይ ተቀምጠው የሚያጠምዱበት ነገር አይደለም። ባጃጅ ነጂዎቹ ስሜን ትተው "ካፒቴን" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንዱ "ካፒቴን፣ መርከቡን የት አቆምሽው?" ሲለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ተናድጄ ራት ሳልበላ ተኛሁ። እንዲህ ነኝ። ሰው ፊት እስቃለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ይከነክነኛል።

ከበሩ ወጣ ብሎ ፎቶ ኮፒ የማነሳበትና ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም። መብራት በጠፋበት በአንዱ ከሰዓት በኋላ ጃኬት ልፈልግ ሳልባጅ ወደሚሸጥበት ተራ ወረድኩ። ከጃኬቶቹ ክምር ሥር የሚገጣጠም ቀጭን ዘንግ ከነክር ማጠንጠኛው፣ አጠገቡም ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አገኘሁ። ሻጩን ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሳያፍር "አንቴና ነው" አለኝ። ሣጥኑን ስከፍተው ግን መንጠቆ በየመጠኑ፣ የእርሳስ ፍሬዎች፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ የሆነ ተንሳፋፊ፣ እንደ ሻይ ማንኪያ የሚያብረቀርቅ ቅጠል መሳይ ብረት፣ ላባ የታሰረበት መንጠቆና አንድ የጎማ ትል አየሁ። ትሉ ቀይ ነው፤ ሲነኩት ይለጠጣል፣ ጅራቱ ጥምዝ ብሏል። ጃኬቱን ትቼ እሱን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ የማየው ነገር ሁሉ ዓሣ ሆነ። ፈረንጆቹ የሚያብዱለት ዓሣ በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ ትራውት ይባላል። በተራራ ላይ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ የሚኖር ድንጉጥ ዓሣ ነው፤ የሰው ጥላ ውሃው ላይ ካየ ሄደ ማለት ነው። እኛም አገር ባሌ ተራሮች ላይ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእሱ ላባዋን እንደ ዝንብ አድርገው ውሃው ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉለታል፤ ክሩ ሲያርፍ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ሌላው ባስ ነው። ባስ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ግንድ ወይም ሣር ሥር አድፍጦ የሚጠብቅ፣ አፉ ሰፊ፣ ግልፍተኛ ዓሣ ነው። የጎማው ትል ይወረወርና እስኪሰምጥ ይጠበቃል፤ የዘንጉ ጫፍ ትንሽ ነቅነቅ ይደረጋል፣ ይተዋል፣ እንደገና ነቅነቅ ይደረጋል። ባስ ባይርበውም ተናዶ ይነክሳል አለ አንዱ አስተማሪ። ባስን ወደድኩት፤ ጠባዩ የእኔ ነው።

እኔ የምኖርበት ቤት ግቢ የለውም፤ ውርወራውን የተለማመድኩት በእማማ ግቢ ነው። እማማ የምላቸው እናቴ በሕይወት ሳለች የቅርብ ባልንጀራዋ የነበሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው በፈላና በር ገባ እንዳሉ፣ ሰው ለሰው ለመተላለፍ በሚጠብበት መንገድ ላይ ነው፤ ከውጭ የድንጋይ ግንብ ብቻ ይታያል፣ ከውስጥ ሎሚ ዛፍ ያለበት ሰፊ ግቢ አለ። የመጀመሪያው ቀን የዘንጉን ጫፍ ወደ ኋላ አድርጌ፣ ልክ በቪዲዮው እንዳየሁት ክሩን በጣቴ ይዤ ወረወርኩ። መንጠቆው ወደ ሎሚው አልሄደም። ከገመድ ላይ የተሰጣ ሻሻቸውን ይዞ መጣ። እማማ ከቤት ወጥተው አዩኝና "ማሻአላህ! ልጄ ሻሽ አጠመደች! በሉ ይጠበስ ወይስ ይቀቀል?" አሉ። የጎማውን ትል ብርሃን ላይ ይዘው አገላብጠው አዩትና ደግሞ "ይህን የሚበላ ዓሣ ካለ እሱን አልበላም፤ ሞኝነቱ ይጋባል" አሉ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አያት ቅድመ አያቶቼ ከሌላ አገር መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው። እማማ ሙስሊም ናቸው። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እወስድላቸዋለሁ፤ ለዒድ ቴምርና ሐልዋ ይልኩልኛል። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ ሳይቀር እየሠሩ ያመጡ ነበር፤ የአትክልት ሾርባ። የማንካፈለው ሥጋ ብቻ ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ይህ እዚህ አገር ጸብ አይደለም። ሰርግ ሲሆን ድስቱም ማዕዱም ለየብቻ ይዘጋጃል፤ እየተጨዋወትን፣ እየተሳሳቅን፣ ጎን ለጎን ለየራሳችን እንበላለን። ተወልጄ ያደግሁበት ነገር ስለሆነ ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት የእማማ ጉልበት እምቢ አለ። የጀጎል መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ በዝናብ ያዳልጣል። ድሬዳዋ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ "ለትንሽ ጊዜ እኔ ጋ ይቆያሉ" አለ። ሁላችንም ለትንሽ ጊዜ እንዳልሆነ ገብቶናል። ልጁ ከሄደ በኋላ ሎሚው ሥር ተቀምጠን እማማ እንዲህ አሉኝ።

"እናትሽና እኔ ያን ሁሉ ዘመን ስንኖር፣ አንድ ትሪ ላይ ሥጋ በልተን አናውቅም። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ። እሷ 'ዓሣ እንበላለን' ትል ነበር። ዓሣ ቢላ የለበትም፤ የእናንተም ነው፣ የእኛም ነው። ዛሬ ነገ ስንል እሷ ሄደች።"

"የገበያው ዓሣ አለ አይደል?" አልኳቸው።

"እሱ በረዶ ነው። እኔ የሐሮማያን ሐይቅ ዓሣ በልቼ ነው ያደግሁት። ሐይቁ ደረቀ፣ እኔም ተውኩት።"

ሐሮማያ በሚኒባስ ቅርባችን ነው። ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ኋላ ግን ውሃው ተመልሶ ዓሣም ገብቶበታል። እኔ ደግሞ ዘንግ አለኝ። አፌ አያርፍምና "ሳይሄዱ ከሐሮማያ ዓሣ አመጣለሁ፤ አንድ ትሪ ላይ እንበላለን" አልኩ።

"ኢንሻአላህ በይ።"

"ኢንሻአላህ" አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ፤ ዓሣው ካልተገኘ እናቴንም እሳቸውንም ያሳፈርኩ መሰለኝ።

ሱቄን እየዘጋሁ ደጋግሜ ሄድኩ። የሐይቁ ዳር ጭቃ ነው፤ ከጭቃው በላይ የጫት ማሳ፣ ከማሳው አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ የውሃ ፓምፕ አለ። የሚያብረቀርቀውን ብረት ወርውሬ ስጎትት ሣር ይዞ መጣ። ላባዋን ነፋስ ወስዶ የገዛ ነጠላዬ ላይ ሰካት። የጎማውን ትል ባስን እንደሚያስቆጡት እያደረግሁ ነቅነቅ አደረግሁት፤ የሐሮማያ ዓሣ እንደኔ አይደለም መሰለኝ፣ በማንም አልተናደደም። ገበሬዎቹ ሥራ ፈትተው ያዩኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ በአማርኛ "እህቴ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ባዶ እጄን ስመለስ እማማ በር ላይ ተቀምጠው እንዳያዩኝ በፈላና በር መግባቴን ትቼ በሌላ በር ዞሬ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከአንዲት አሮጊት መደበቄ አሳፈረኝ፤ ግን ተደበቅሁ።

የእማማ ልጅ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ዋዜማው ሐሙስ ነው። የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ረቡዕ ማታ ስልኬ ላይ ሳገላብጥ አንድ ሰው ውሃው ድፍርስ ከሆነ ዓሣ በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚያድነው፤ የሚያብረቀርቀውን ትታችሁ ጉበት ስጡት ሲል አየሁ። ራሴን መታሁት፤ የሐሮማያ ውሃ እኮ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው! ሐሙስ ማለዳ ሚኒባስ ከመያዜ በፊት ጉበት ልገዛ ቆምኩ። አስፋልቱ ወዲህ ማዶ በሩ ላይ መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት አለ፤ ወዲያ ማዶ ትይዩ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት። ሁለቱም ገና መክፈታቸው ነበር። እኔ የመስቀሉ ደንበኛ ነኝ፤ እግሬ የለመደው ወደዚያ ነው።

"ጥብስ ነው ወይስ ዱለት?" አለኝ ሥጋ ሻጩ።

"ለዓሣ ነው።"

"ዓሣም ጾም ፈታ?" ብሎ ሳቀ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። እየሳቅሁ ወጣሁ። ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ነበር፤ እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት።

ሐይቁ ዳር ጉበቱን ቆራርጬ በትልቁ መንጠቆ ሰካሁ፣ እርሳስ ጨምሬ ወረወርኩ፣ ዘንጉን ድንጋይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ብዙም ሳልቆይ የዘንጉ ጫፍ ጎበጠ፣ ማጠንጠኛው ተንጫረረ። ቪዲዮው ላይ ያየሁት ሁሉ በአንዴ ትዝ አለኝ፤ አትጎትቺ፣ ሲሮጥ ልቀቂው፣ ሲደክም ሰብስቢ፣ የዘንጉ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ገበሬዎቹ ፓምፑን ትተው በኦሮምኛ "ቀቢ! ቀቢ!" እያሉ ሮጡ፤ ያዢ ማለታቸው ነው። ወደ ዳር ሳወጣው ክንድ የሚያህል፣ ጢማም፣ ጥቁር አምባዛ ሆነ። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

እኔ ግን ቆዳውን አየሁት፤ ልሙጥ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ አይበላም። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። መንጠቆውን አውጥቼ መልሼ ውሃው ውስጥ ለቀቅኩት። ሰዎቹ ጮኹብኝ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ደረቴን ነፍቼ "ለእኛ አይሆንም" አልኩ። እንዲያውም ኮራሁ። ያን ሁሉ ዓሣ ለሃይማኖቴ ብዬ መልቀቄ ለራሴ ትልቅ ነገር መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይህቺ ኩራት ናት።

ቀጥዬ ትንሹን መንጠቆ አሰርኩ፤ ጥፍር የምታህል ጉበት ሰካሁ፣ ቀይና ነጩን ተንሳፋፊ አደረግሁ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ጣልኩት። ተንሳፋፊው አንድ ሁለቴ ዘለለ፣ ከዚያ ሰመጠ። ቆሮሶ ነው፤ ቅርፊቱ ብር የሚመስል፣ መዳፍ የሚሞላ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ጉበቱ ሳያልቅ ለሁለት ሰው የሚበቃና የሚተርፍ ያዝኩ።

በፈላና በር ነው የገባሁት፤ በሌላ በር አይደለም። ዘንጉ ትከሻዬ ላይ፣ ዓሣው በፌስታል እየተንጠባጠበ። ባጃጅ ነጂዎቹ "ካፒቴን!" ብለው ጮኹ፤ ፌስታሉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና ዝም አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀና ብዬ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓሣውን የጠረግሁትና ያጠብኩት በእማማ ግቢ ነው። መጥበሻው የእሳቸው፣ ዘይቱም የእሳቸው፤ ይህን አስቤበታለሁ፤ የእኔ መጥበሻ ሥጋ ስለነካው አላመጣሁትም። ቤታቸው ውስጥ ምንጣፍ የተነጠፈበት ከፍ ያለ መደብ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ትሪ አስቀመጥን። ቆሮሶው ወርቅማ ሆኖ ተጠብሷል፣ ሎሚው ከዛፋቸው ነው፣ ቃሪያውን በነጭ ሽንኩርት ፈጭተውታል። ሻንጣቸው ጥግ ላይ በገመድ ታስሮ ቆሟል። እጃችንን ታጠብን። እማማ "ቢስሚላህ" አሉ፣ እኔም አማተብኩ። ከትልቁ ዓሣ ጎን ነጭ ሥጋውን ገንጥለው፣ አጥንቱን በጣታቸው ለቅመው፣ ቃሪያው ውስጥ ነከሩት። ወደ አፋቸው ሲያነሱ እየሳቁ፣

"በየትኛው ያዝሽው? በዚያ በሞኙ ትል?" አሉኝ።

"ኧረ እማማ! ትሉን ዞሮም አላየው። በጉበት ነው።"

"ጉበት ይወዳል? ጉድ እኮ ነው። ከማን ገዛሽ?"

እንዲሁ ለወሬ ነው የጠየቁት። ማዶ ያለውን ሥጋ ሻጭ በልጅነቱ ስለሚያውቁት ስለ እሱ ሊያወሩኝ ነበር። እኔ ግን አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። አስፋልቱ ታየኝ፤ ወዲህ መስቀሉ፣ ወዲያ ጨረቃው፣ በመሃል መኪና እንኳ ያልነበረበት ባዶ መንገድ። "ከማዶው" ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ፊቴ ቀድሞ ተናግሯል፤ እሳቸውም ፊቴን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያነቡታል።

"ከደንበኛዬ" አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። አልተቆጡም፣ ፊታቸውም አልተለወጠም። ዓሣውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"ያው ዓሣ ዓሣ ነው" አልኳቸው እየተንተባተብኩ። "ሆዱን አውጥቼ ጥያለሁ፣ አጥቤዋለሁ። ሮጬ ሸኹን ልጠይቅ?"

"አይሆንም" አሉ። "ምናልባት ችግር የለውም፤ እኔ አላውቅም። ልቤ ከተጠራጠረ ግን አልበላም። ሸኹን ጠየቅሽ ማለት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ነገ እሄዳለሁ፤ አንቺ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ልጄን ማንም አይስቅባትም።"

ያን በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ ወደ እኔ አፍ አዞሩት።

"እኔም አልበላም" አልኩ።

"ትበያለሽ። አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ትሪው ላይ የነበረውን ዓሣ አንድ በአንድ አጥንቱን እየለቀሙ፣ ሎሚ እየጨመቁ፣ ቃሪያው ውስጥ እየነከሩ አጎረሱኝ። ስለ እናቴ የማላውቀውን እያወሩልኝ ነበር፤ ስንት ነገር አወሩ፣ ግማሹን አልሰማሁም። እያኘክሁ አለቅስ ነበር። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም ያሳፍራል፣ ግን ጣፋጭ ነበር። ስለ ትራውት ድንጋጤ፣ ስለ ባስ ቁጣ ስንት ሌሊት አጥንቻለሁ፤ ለራሴ ሕግ ብዬ ክንድ የሚያህል ዓሣ ውሃ ውስጥ መልሻለሁ፤ የእሳቸውን ሕግ ግን አስፋልት ለመሻገር ያህል እንኳ አላሰብኩትም። መጥበሻውን ማሰቤ ራሱ እንደ ትልቅ ነገር ታይቶኝ ነበር።

ስንጨርስ፣ ስጨርስ ማለቴ ነው፣ ማስታጠቢያውን አመጣሁ። እማማ ሁልጊዜ ጣታቸውን ሳይልሱ ከማዕድ አይነሱም፤ ልጅ ሳለሁ በዚህ እስቅባቸው ነበር። ያን ቀን አልላሱም። ዘይቱ እስከ አንጓቸው ደርሷል። ውሃውን እኔ አፈሰስኩላቸው፤ በሳሙና ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር ታጠቡ። "አይዞሽ" አሉኝ፣ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ።

በማግስቱ ልጃቸው መጣ። ሻንጣውን እኔ ተሸክሜ እስከ በሩ አወጣሁ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ያን ቀን ካፒቴን አላሉኝም። ግቢውን ለተከራይ ሰጥተውታል፤ አሁን የምለማመድበት ቦታ የለኝም። ዘንጉን ሱቄ ውስጥ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ አቁሜዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ አንቴና ነው እላለሁ።

ከሄዱ ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። ስለ ሙቀቱ አማረሩ፣ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ፣ ሎሚው ውሃ ይጠጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ያን ነገር እዚህ ያሉ ሸኽ ጠየቅኋቸው" አሉ። "ስምሽን አላነሳሁም። ሐላል ነው አሉኝ። ዓሣ ሆዱ ተጠርጎ ከታጠበ የበላው ነገር አያበላሸውም አሉ።"

"ጥሩ ነው፣ እማማ" አልኩ።

"እናትሽ ብትኖር ይህን ታውቅ ነበር። እኔና አንቺ ነን የማናውቅ" ብለው ሳቁ። "ሲጠበስ እንዴት ይሸት ነበር! ምራቄን እየዋጥኩ እኮ ነው ያጎረስኩሽ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።

"አለሽ?" አሉኝ።

"አለሁ፣ እማማ።"